ጀርባ ሰጥቶ ማጠጣት

ጡረታ ወጣህ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ጡረታ የወጣው ሞተሩ ነው፤ እኔ ተከትዬው ወጣሁ። ከሄሉ ወደ ቦሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ጥልቅ ጉድጓድ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተተከለ። ቶከን የምትባል ጠፍጣፋ ነገር ሲያስነኩት ውሃ የሚለቅ ሣጥን ተገጠመ። ዕድሜ ልኩን በናፍጣ ሲያጓራ የኖረው ሞተርም ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ። ጎረቤቶቼ «ኧረ ተገላገልክ፣ ፉንዲ!» ይሉኛል። ፉንዲ እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ መካኒክ ማለት ነው፤ እናቴ ታደሰ ብላ ያወጣችልኝን ስም የሚጠራ ሰው ካጣሁ ቆየሁ። እኔ ግን አልተገላገልኩም። ለምን እንዳልተገላገልኩ ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

አገር ቤት መንግሥት ሲወድቅ ወጣት ወታደር ነበርኩ። ወታደር ስል ተኳሽ እንዳይመስላችሁ፤ የጦር ሰፈር ጀነሬተር ጠጋኝ ነበርኩ። ክፍላችን ሲበተን መለዮዬን ጣልኩና ወደ ደቡብ ወረድኩ። ኬላውን ሽሽት በጫካ ዞርኩ፤ ዞሬም ጠፋሁ። ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ልበል ባልኩበት ሰዓት፣ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ለሌላው ሰው ጫጫታ ነው፤ ለእኔ ግን ስሜን የሚጠራ ሰው ያህል ነበር። ወደዚያው ተጎተትኩ። ከቁጥቋጦው ስወጣ ድምፁ ቀጥ አለ።

ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። አየኝ። እንዳየኝ በደንብ አውቃለሁ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጥመናል። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። «አባቴ!» አልኩ፤ ድምፄ ይውጣ አይውጣ እንጃ። አልዞረም። ግራር ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ በክዳኑ ላይ ኩባያ ተደፍቷል፤ በኩባያው ላይ ነጭ ጠጠር አለ። ጠጣሁ። ስጠጣ፣ ሲያስመልሰኝ፣ እንደገና ስጠጣ ሽማግሌው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሞቻለሁ አልኩ። በሕይወት ያለ ሰው የሰው ዓይን ያርፍበታል፤ እኔን ግን የሚያየኝ የለም። እዚያ ጫካ ውስጥ ቀርቻለሁ፤ ይሄ የሚጠጣው ነፍሴ ነው። እጄን ነከስኩት። አመመኝ። ግን ሙት አያመውም ያለው ማን ነው?

ሽማግሌው እንደዞረ «ዱጊ» አለ። በኦሮምኛ ጠጣ ማለቱ ነው። «ዱጊ። ፖሌ ፖሌ። ቶሎ ቶሎ ሆድ ይጎዳል።» ፖሌ ፖሌ በስዋሂሊ ቀስ ብለህ ማለት ነው።

እግሬ ሲጠና አመስግኜው ልሂድ ብዬ ወደ ፊቱ ልዞር ስል እሱም አብሮኝ ዞረ። ፊቱን ሳላይ ከተማ ገባሁ።

የወረቀቱን ጣጣ አልዘረዝርም። የስደተኛ ወረቀት፣ ቀጥሎ የውጭ ዜጋ መታወቂያ፣ በመጨረሻም እነሱ ኪፓንዴ የሚሉት መታወቂያ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሰልፍና የራሱ ተቆጪ ነበረው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወፍጮ ቤት ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመና «ፉንዲ፣ ሞተር ይስላል፤ ና» አለኝ። በድምፁ አወቅኩት። ጴጥሮስ ጃርሶ ይባላል፤ ሰው ሁሉ ምዜ ጃርሶ ይለዋል፣ አባ ጃርሶ እንደማለት። የጉድጓዱ ጠባቂና የሞተሩ ነጂ እሱ ነው። ሞተሩን አከምኩለት፤ ሥራውም እዚያው አስቀረኝ። ያን ቀን ግራሩ ሥር ያጠጣሁህ እኔ ነኝ ብሎ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። እኔም ልጀምር ስል «ቺንጋው ላላ አለ መሰለኝ» ይልና ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ አይላላም፤ እኔ ነኝ የማጠብቀው።

ሞተር አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፣ ወጣት ነበርኩና። ምዜ ግን ከሞተሩ ይልቅ ቧንቧውን ነበር የሚያዳምጠው። መዳፉን ይጥልበትና ዓይኑን ይጨፍናል። ጉድጓዱ ሙሉ ሲሆን ቧንቧው ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ነው፤ ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ ግን መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ከሥር እንደ ማጉረምረም ያለ ነገር ይመጣል። ያኔ ካላጠፋህ ፓምፑ አየር ይስብና ይቃጠላል። የተቃጠለ ፓምፕ ለማውጣት ደግሞ ብረቱን እየፈቱ በሰንሰለት መሳብ ነው፤ ጀርባ ይቆረጣል፤ ሜዳ ሙሉ ከብት ደርቆ ያያችኋል። የምዜን መዳፍ ለመልመድ ዓመታት ፈጀብኝ። አሁንም የውሃ ቧንቧ ሳይ እጄ ይሄዳል፤ ሆቴል ቤት ገብቼ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ስዳብስ አስተናጋጇ ሌባ መስዬአት አውቃለሁ።

ከብት የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚያስጠብቅ የቦረና ሽማግሌ አለ፤ በእሱ ቃል ላይ ማንም አይናገርም። የተጠማ ሰው ግን ተራ የለውም። ይህ የቆየ የአገሩ ሕግ ነው። ምዜ ጃርሶ በዚህ ሕግ ላይ የራሱን ጨመረበት። ወደ ገንዳው መምጣት የማይችል ሰው አለ ይል ነበር፤ ሰው የሚፈራ፣ አስካሪ የሚፈራ። ፖሊሱን ሁሉ አስካሪ ነው የምንለው። ከኢትዮጵያ ወገን በጫካ የሚሻገሩ ሰዎች ደላላ እየመራቸው ወይም ደላላ ጥሏቸው በዚያ ያልፋሉ። ለእነሱ ያ ጀሪካን አለ። የኬሱማ ጀሪካን እንለዋለን፣ የእንግዳ ማለት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀሪካኑን ሞልቶ ከአጥሩ ርቆ ግራሩ ሥር ያስቀምጠዋል። ኩባያውን ይደፋል። ነጭ ጠጠሩን ይጭናል። ከዚያ ተመልሶ ሞተሩን ውሃ ሳይስብ በባዶው ጥቂት ጊዜ ያስጮኸዋል፤ ጫካ የጠፋ ካለ ይስማ ብሎ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሐጂ አደን ከኢትዮጵያ ወገን ከብት እያመጡ የሚነግዱ ባለጠጋ ነበሩ። በናፍጣው ይበሳጩ ነበር።

«ጃርሶ፣ ይሄ ሞተር በባዶ ሆዱ ምን ያስጮኸዋል?»

«ሐጂ፣ እሱም የማታ ጸሎት አለው።»

«የክርስቲያን ሞተር ነዋ! የኔ ቢሆን ናፍጣ ሳይጠጣ ነበር የሚጸልየው» ይሉና ይስቃሉ። ጀሪካኑን ግን አንድም ቀን አላነሡትም። በወር በወሩ አዲስ ጀሪካን ከሱቃቸው ይመጣል፤ ማን እንዳዘዘው አይነገርም።

ጎህ ሲቀድ፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ምዜ ወደ ግራሩ ይሄዳል። ጀሪካኑ ባዶ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል፣ ኩባያው ተደፍቷል፣ ጠጠሩ ተመልሷል። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ያገኙትን እንዳገኙት ይመልሱታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያነባል። «ሴት አለች። አንዱ ልጅ አዝሏል፣ ተረከዝ ጠልቋል። ይሄኛው ባዶ እግር፤ ደም።» ከዚያ ቅጠል ይቆርጥና ዱካውን ሁሉ ይጠርገዋል። በማግስቱ አመሻሽ ከጀሪካኑ አጠገብ ከጎማ የተሠራ ሰንደል ጫማ፣ ወይ በጨርቅ የታሰረ ቂጣ፣ ወይ ወተት ይቀመጣል። የዛሬው መንገደኛ የትናንቱ አይደለም እንዳትሉኝ፤ እኔም ብዬው ነበር። «ትናንት ደም ካለ፣ ዛሬም አለ» አለኝ።

አንዳንዴ ገና ሳይጨልም ይመጣሉ። ምዜ ጠጠር ስትንቀሳቀስ ይሰማና ክንዴን ይዞ ያዞረኛል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ባዶ ሜዳ እያየን እንቆማለን። ከኋላችን ኩባያ ክዳን ይነካል። ሰው ሲውጥ ይሰማል። ጉሮሮ ሲንቋቋ፣ ትንፋሽ ሲቆረጥና ሲቀጥል፣ አንዳንዴ ታፍኖ የሚለቀስ ልቅሶ ይሰማል። ከዚያ ምንም። ስንዞር ሜዳው እንዳለ ሜዳ ነው፤ ኩባያው ብቻ ጠርዙ እርጥብ ነው። ማጅራቴ ላይ ያለችው ፀጉር ሁሉ ትቆም ነበር። ያጠጣሁትን ሰው ብዛት አላውቅም፤ ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

«ለምንድን ነው የምንዞረው?» ብዬ ጠየቅኩት ገና በጠዋቱ።

«አስካሪ መጥቶ 'ሰው አይተሃል?' ካለኝ፣ አላየሁም እላለሁ። ክርስቲያን አይዋሽም።»

እውነትም አስካሪዎች ሲመጡ መጽሐፉን ይዞ እምላለሁ ይላቸው ነበር። ያ መልስ ለብዙ ዘመን በቃኝ።

ጥቂት ጊዜ ሶሎሎ ባለው ጉድጓድ ተመድቤ ሠርቻለሁ፤ መንገዱ ኩላሊት የሚያወርድ፣ ሰዉ ግን ደግ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ምዜ ጃርሶ አርጅቷል። ደረቱን እያመመው ሄዶ ሶሎሎ ሆስፒታል ተኛ። ጉድጓዱም ጀሪካኑም በእኔ እጅ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የምጽፍ ሰው ነኝ። የጦር ሰፈር ልማድ ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ስም ያልተጻፈበት ብሎን የለም። ሞተሩ ላይ «አይነካም»፣ ፊልትሮው ላይ የተቀየረበት ቀን፣ በርሜሉ ላይ «ናፍጣ»፣ የራሴ ኩባያ ላይ «የታደሰ» ብዬ ጽፌያለሁ። ፊደሌ ቆንጆ ነው፣ ይህን ማንም አይክደኝም። በዚያ ድርቅ ዘመን ደግሞ የሚያልፉት ልጆች አብዛኞቹ ከሆሳዕና በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ፣ አማርኛ የሚያነቡ ናቸው። ጥም ላይ ሆነህ የማታውቀው ጀሪካን ብታገኝ መርዝ ነው ናፍጣ ነው ብለህ አትጠራጠርም? በአገርህ ፊደል የሚያጽናና ቃል ብታገኝ እንዴት ልብህ ይሞላል! እንዲህ ብዬ አሰብኩ። የነበረኝ ቀለም ቀይ ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን አሳምሬ ጻፍኩ፦

«ወገኔ፣ መምጣትህን እናውቃለን። አትፍራ፤ ጠጣ።»

ራቅ ብዬ አየሁት። ደስ አለኝ። ምዜ ሲመጣ ያይልኛል አልኩ።

በማግስቱ ጀሪካኑ እንደ ሞላ ነው። ከዚያም ቀጥሎ ባለው ቀን እንደ ሞላ ነው። ውሃውን ደፍቼ በአዲስ እሞላለሁ፣ ጠዋት ስመጣ አልተነካም። ወፍ እንኳ ኩባያው ላይ አላረፈችም። መንገድ ቀይረዋል ብዬ አሰብኩ። ካልተነካ ማን መጣ ብዬም መሬቱን መጥረግ ተውኩ። ያን ሰሞን ሜዳው ላይ የሆነ ነገር ነበር። ሞተሩን ሳጠፋ የሚመጣው ጸጥታ የወትሮው አልነበረም፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል። ከግራሩ ማዶ ትልቅ ኩይሳ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቺንጋ ስቀይር ቀና አልኩና ኩይሳው ከሥሩ ወፈር ብሎ ታየኝ። ጥላ ነው አልኩ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ምዜ ጃርሶ በእንጨት ጫኝ መኪና ከሶሎሎ መጣ፣ ቀትር ላይ። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ጀሪካኑን አነሣና መዘነው።

«ሞልቷል» አለ።

«መንገድ ሳይቀይሩ አይቀርም።»

«መንገድ ይቀየራል። ጥም አይቀየርም።» ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። «ፉንዲ፣ ና እይ። መጥተዋል። እዚህ ቆመዋል። ጣታቸው መሬት ይዟል፣ ብዙ ቆመዋል። ከዚያ ሄደዋል፤ ዞረው አይደለም። ወደ ኋላ። ፊታቸው ወደ ጀሪካን፣ እግራቸው ወደ ኋላ።»

አየሁት። ተረከዝ በተረከዝ፣ እንደ አውሬ ፊት እንደሚያፈገፍግ ሰው፣ ወደ ኋላ የተራመዱ እግሮች ናቸው። ጸሐዩ እየጠበሰኝ በረደኝ።

ምዜ የአማርኛ ፊደል አያነብም። ጣቱን ቀዩ ላይ አደረገ። «ይሄ ምን ይላል?»

ነገርኩት።

«እናውቃለን የሚለው ማነው?»

«እኛ ነና።»

«እነሱ እኛን ያውቃሉ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ዱካውን ተከትሎ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ዱካው ወደ ኩይሳው ይወስዳል።

አንድ ወጣት ኩይሳው ላይ ጀርባውን ደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ቀጥ ብሎ ጀሪካኑን ያያል። ምስጦቹ በትከሻው ላይ መንገድ ጀምረዋል። እኔ ጥላ ነው ያልኩት እሱን ነው። አጠገቡ አንዲት ልጃገረድ እጁን ይዛ ተጋድማለች። እሷም የሞተች መስሎን ነበር፤ ምዜ ጎንበስ ሲል ግን ዓይኗ ተንቀሳቀሰ።

እየሮጥኩ ውሃ አመጣሁ። ከንፈሯን ገጠመች። ምዜ ኩባያውን ተቀበለኝ፣ እያየችው ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ሰጣት። ከዚያ ጀርባውን ሰጣት። እኔንም በክርኑ ጎሸመኝና ዞርኩ። ያኔ ነው የጠጣችው። ሞተሩ በሌለበት ጸጥታ እያንዳንዱን ጉንጭ ሰማሁት።

ሲመሻሽ ጠባቂ ቤቱ ጥላ ሥር ተናገረች። ወርቅነሽ ትባላለች። የሞተው ወንድሟ ኤርሚያስ ነው። ደላላው ጥሏቸው ሄዷል።

«ውሃውን አገኘነው፣ ወንድሜ ጽሑፉን አነበበው» አለች። «'ወርቄ፣ አትንኪ' አለኝ። 'ኬንያ ገብተን በአማርኛ የሚጽፍልን ማነው? መምጣታችንን በምን አወቀ? የሚያሳድዱን ሰዎች ናቸው፤ አጥምደው ነው' አለ። ደላላውም በቋንቋችሁ የሚጠራችሁ ካለ ሽሹ፣ ይዞ ቤተሰባችሁን ብር የሚጠይቅ ነው ብሎን ነበር። እስኪጨልም እንጠብቅ አለ። ሲጨልም ደግሞ፣ አሁን ነው የሚመጡት አለ። ነጋ። ሰው መጣና ሞላው፣ እኛ ወዳለንበት አየት አየት እያደረገ ሄደ። 'አየሽ፣ እየጠበቁን ነው' አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረም።»

የመጣውና የሞላው ሰው እኔ ነኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ምዜ ጃርሶ እጁን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ያቺ ልጅ በዚያ ሰዓት የኔን ኑዛዜ መሸከም አትችልም ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የተረዳሁት። ወጣሁና ሞተሩ ኋላ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ኤርሚያስን ከግራሩ ማዶ ቀበርነው። ሐጂ አደን ጨርቁን አመጡ፣ ምዜ ጸለየ፣ አስካሪዎቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ልጅቱን በሐጂ መኪና ሶሎሎ ሆስፒታል አደረስናት፤ ዳነች፣ ወደ አገሯም ተመለሰች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አላውቅም።

ያን ሳምንት ጽሑፉን በአሸዋ ስፈገፍግ ምዜ አጠገቤ ተቀመጠ። ይገሥጸኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢገሥጸኝ በወደድኩ።

«ፉንዲ» አለኝ፣ «ጌታ በመጨረሻው ቀን፣ ጠምቶኝ አጠጣችሁኝ ሲል፣ እነዚያ ደጎቹ ሰዎች ምን አሉት?»

«መቼ አይተንህ ነው ያጠጣንህ አሉት።»

«ኤዬ። ሰባኪ ሁሉ ትሕትና ነው ይላል። እኔ እንጃ። እኔ እውነት አላዩም እላለሁ። ጀርባ ሰጥተው ነበር። ስደተኛ ሁለት ነገር ይፈራል፣ ጥምና ዓይን። ውሃ ሰጥተህ ዓይን ከጨመርክበት፣ ዓይኑን አይቶ ውሃውን ይተዋል።» አሸዋ ዘግኖ ጨመረልኝ። «ዱካ አንብብ፣ ቁስሉን እወቅ፣ ሰንደል ስጠው። ማወቅህን ግን አትንገረው። እሱን ጌታ ይንገረው።»

ጀሪካኑን ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ በራሴ ኩባያ ላይ እንኳ አልጻፍኩም።

ኩይሳው አሁንም አለ። ምስጦቹ በየዓመቱ ይሠሩታል፣ ያሳድጉታል፤ ኤርሚያስ የተደገፈባትን ጎድጓዳ ቦታ ግን አልሞሏትም። የሰው ጀርባ ልክ ሆና እንዳለች አለች። ምክንያቱን አላውቅም፤ ስለ ምስጥ የማውቀው የለም። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር፣ ከዚያች ጎድጓዳ ውስጥ የሚያየኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። ፈርቼ አውቃለሁ። ግን አንድም ቀን ጀሪካኑን ሳልሞላ አልገባሁም።

ምዜ ጃርሶ በእርጅና ሞተ። ሐጂም ተከተሉት። አስፋልት መጣ፣ ቀጥሎ ፀሐዩ መጣ። ሰሌዳውን ያስተከለችው መሐንዲስ ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምታውቅና ሰው የምታከብር። ግራሩን ስታልፍ «ጋሼ፣ ይሄ ጀሪካን የማነው?» አለችኝ።

«የኬሱማ።»

አየችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳዋ ዞረች። «እኔ ምንም አላየሁም» አለች። በመጨረሻው ቀን አንዲት ቶከን መዳፌ ውስጥ ጨመረችልኝ፤ ለጡረታህ ብላ።

ስለዚህ ውሃ አልጨነቀኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሰሌዳው አይጮኽም፤ ጫካ ውስጥ የጠፋን ሰው የሚጠራ ድምፅ የለም፤ መንገዱን ከሰማ ሰው በቀር የሚያገኘው የለም። ጠባቂም አልተቀጠረም። በየአመሻሹ ከሄሉ እየተነሣሁ በዚህ ጉልበቴ ጀሪካኑን የምሞላ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስቀር ማን ይሞላዋል? ለሰው እንዳልናገር ነገሩ የሚነገር አይደለም፤ ከተነገረ ደላላውም አስካሪውም ይሰማል። ይህ ነው ያላገላገለኝ።

ዘንድሮ በደረቁ ወራት ደረቴን ያዘኝና ወደቅኩ። ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ጎረቤቶቼ ሾርባ ያመጣሉ፣ እኔ ጣሪያ እያየሁ ያን ባዶ ጀሪካን አያለሁ። በትኩሳቱ ውስጥ ኤርሚያስ ኩይሳው ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር፤ አልተቆጣም፣ ይጠብቃል። ሰነባበትኩና በእግሬ መቆም ስችል ከቦዳ ቦዳ ኋላ ተጭኜ፣ የሞተር ሳይክሉን ልጅ መንገድ ላይ አሰናብቼ ወደ ግራሩ ሜዳ ገባሁ። ጀንበር ልትጠልቅ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ጀሪካኑን አይደለም፣ ኩይሳውን ነው። ከሥሩ ወፈር ብሏል። ጌታ ሆይ እንደገና አይሁን አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ደመናዋ ከፀሐይዋ ላይ ፈቀቅ ስትል ጥላው ሳሳ። ጎድጓዳዋ ባዶ ናት።

ከዚያ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ጀሪካኑ ሙሉ ነው። ክዳኑ ጠብቋል። ኩባያው ተደፍቷል፣ ነጭ ጠጠሩ ላዩ ላይ አለ። አጠገቡ አሮጌ፣ ግን የታጠበ ሰንደል ጫማ ተቀምጧል። በዙሪያው ዱካ አለ፤ የዛሬ፣ ጠርዙ ገና ያልፈረሰ። አንድ ጊዜ ባየው ይበቃኝ ነበር። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ከከተማ ይምጣ ከጫካ፣ ወዲያው አነበው ነበር። ዕድሜዬን የተማርኩት ይህንን ነው። እንዴት እንደጓጓሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቅጠል ቆረጥኩ። ዓይኔን ወደ ከተማው መብራት ላክሁና ዱካውን በእጄ ስሜት ብቻ ዙሪያውን ጠረግኩት፣ አንድ ሳላስቀር። ስጨርስ እንባዬ እየወረደ ነው። እነዚያን ሁሉ ቀናት ጣሪያ እያየሁ የፈራሁት ነገር ከላዬ ላይ ወረደ።

ያኔ ከኋላዬ ጠጠር ተንቀሳቀሰች። ኩባያው ክዳኑን ነካ። የሞላው ሰው ይሁን ሊጠጣ የመጣ፣ አላውቅም። አልዞርኩም። ምዜ ጃርሶ እንደ ቆመው ቆምኩ፣ ፊቴን ለባዶው ሜዳ ሰጥቼ።

«ዱጊ» አልኩ። «ፖሌ ፖሌ።»